ምስጥ የማይበላው ቤት፦ ወደ ኮኪት ወርጄ የተመለስሁበት ጉዞ

ሥራዬ ጀልባ መጠገን ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የተሰነጠቀ ጀልባ እደፍናለሁ። ከዚያ ውጭ ብዙ አገር አላየሁም፤ ለማየትም አልጓጓም። ቆላ የወረደ ሰው ታሞ ሲመለስ እንጂ ወፍሮ ሲመለስ ስላላየሁ ቆላን ከሩቁ ነበር የምፈራው። ይህን የምጽፈው መተማን አይታችሁ ለማታውቁና ምናልባትም ለማታዩት ነው። እውነቱን ልናገርና እኔም ዳግመኛ ባላየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው።

ወንድሜ ጌትነት መተማ ውስጥ፣ ኮኪት በምትባል ከተማ አጠገብ ሰሊጥ ያርሳል። ካቻምና ካላዛር ይዞት ሆዱ ተነፍቶ፣ ጉንጩ ገብቶ ጎንደር ታከመና ከሞት ተረፈ። በሽታውን የምታመጣው ዝንብ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ድምፅ የላትም፤ በኩይሳውና በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ውላ ሲመሽ ትወጣለች። ሐኪሙ ሲያሰናብተው፣ "ዛፍ ሥር አትደር፣ ሜዳ ላይ አትደር። ዳግመኛ ከያዘህ ሰውነትህ መድኃኒቱን የሚችል አይመስለኝም" አለው። ጌትነት ሰማ፣ አመሰገነ፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። እንዲህ ነው እሱ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ቤት አገኘሁ፤ ምስጥ የማይበላው ቤት" አለኝ።

ቤት ያለው ካራቫን ነው። ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት፣ ሁለት ጠባብ አልጋ የሚይዝ፣ እንደምጠግናቸው ጀልባዎች ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነጭ ጎጆ። ፈረንጆች በሱዳን በኩል ሲጎትቱት መጥተው መተማ ላይ የጎማዎቹ ዘንግ፣ አክሱ፣ ቢሰበርባቸው ጥለውት ሄዱ። ብዙ ክረምት ከዘነበበት በኋላ አንድ ነጋዴ በጨረታ ወስዶ ዶሮ አረባበት። ጌትነት ደግሞ አንዲት ጊደር ሰጥቶ ከዶሮዎቹ ተረከበው። እዚያ አገር የእንጨት ቤት ብትሠራ ምስጥ ሁለት ክረምት አያስከርመውም። መሬቱ የኪራይ ስለሆነ ብሎኬት አይደረደርበትም። ይኸኛው ግን ምስጥ አይነካውም፤ መሬቱን ሲለቅም አብሮት ይሄዳል። ችግሩ ጣሪያው ተሰንጥቋል፣ ወለሉ በስብሷል፣ መስኮቶቹም ባዶ ናቸው።

"አንተ የዚህ ሙያ ሰው አይደለህ?" አለኝ። "ዝናብ ሳይገባ ድረስልኝ።"

ሰኞ

ከጀልባ ሥራ የተረፈኝን ይዤ ተነሣሁ። አንድ ቆርቆሮ ሬዚን፣ ማለትም እንደ ማር የሚፈስና ማድረቂያ ሲጨመርበት እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ነገር ነው፤ አንድ ጠርሙስ ማድረቂያ፣ አንድ ጥቅል የመስታወት ክር ጨርቅ፣ ብሩሾችና መፈግፈጊያ። ሚኒባሱ ውስጥ የሬዚኑ ሽታ አፍንጫ ይበጥስ ስለነበር አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እስከ ጎንደር በመስኮት በኩል ስትተነፍስ ሄደች። ለእኔ ሽታው እንጀራዬ ስለሆነ አይሰማኝም።

ጎንደር ያደርሁት ጌትነት ቤት ነው። ጌትነት ቤት ማለት ሚስቱ እማዋይሽና ሁለት ልጆቹ የሚኖሩበት ማለት ነው፤ እሱ ራሱ በዓመት አንዴ ሁለቴ በእንግድነት ያየዋል። እማዋይሽ የቆላ ልጅ ናት፣ ሸሕዲ ተወልዳ ያደገች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ነው ወደ ጎንደር የወጣችው። ሽሮ አቅርባ እስክበላ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ከአልጋው ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነጭ መረብ አወጣች።

"ጋሼ፣ አጎበር አይበጀውም" አለች። "ዝንቧ በቀዳዳው ታልፋለች ብለዋል። ይሄ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በየመስኮቱ ይወጥሩለት።"

"እወጥረዋለሁ።"

"እኔ ከርስዎ ሌላ አልለምንም። ቤት ውስጥ ይደር ብቻ። እሱ ሰው ሲያስገድደው ነው እንጅ ለራሱ አያውቅም።"

"ይተኛበታል፤ እኔ አለሁልሽ" አልኋት። አፍ ሲናገር ምን ይቸግረዋል? እንደ ቀላል ነገር ቃሌን ሰጥቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ

የሸሕዲ አውቶቡስ ረዳት ሬዚኔን ሲያሸት ፊቱን አጨማደደ። "ይሄ ታች አይገባም፤ ላይ ነው" አለና ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ፀሐይ ይመታዋል ብዬ ተከራከርሁ። "ታዲያ ጥላ ልግዛለት?" አለኝ። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ። ተቀመጥሁ።

አይከልን እስክናልፍ አገሩ አገሬን ይመስል ነበር፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ሰው ጋቢ ለብሶ። ከዚያ መንገዱ ይወርድ ጀመር። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አለቀ ስትለው ደግሞ ይወርዳል። ባሕር ዳር ሲሞቅህ ጥላ ትፈልጋለህ፤ እዚህ ግን ጥላውም ይሞቃል። ነጋዴ ባሕር ላይ ቆመን ውሃ ገዛሁና ገና ሳልከፍተው ለሻይ ደርሶ አገኘሁት።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሸሕዲ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ "ልጄ፣ ከሰማይ ማር ይወርዳል" አሉኝ። ዞር ስል የቆርቆሮው ክዳን በሙቀት ተነፍቶ ኖሯል፤ ሬዚኑ በመስኮቱ እየወረደ የሽማግሌውን ነጭ ጋቢ ትከሻቸው ላይ አርሶታል። ብን ብዬ ብጠፋ በወደድሁ።

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ።"

"ይታጠባል?"

መዋሸት አልቻልሁም። "አይታጠብም። ይደርቃል።"

ጋቢያቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "እንግዲህ የማይቀደድ ጋቢ አገኘሁ" አሉ። ይባስ ብለው ሲወርዱ የራሳቸውን የውሃ ኮዳ ሰጡኝ፤ "ወደ እርሻ የምትወርድ ከሆነ ይሄ ያስፈልግሃል" ብለው። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ በባጃጅ ሄዱ። ቆርቆሮውን ባወርደው ሩቡ ፈሷል።

ያደርሁበት ሆቴል ባለቤት ክፍሉን ካሳየችኝ በኋላ አልጋውን ከነፍራሹ አንሥታ ወደ ግቢው መጎተት ጀመረች። ሌሎቹ እንግዶችም እንደዚያው። ግቢው የጦር ሰፈር መሰለ።

"እኔ ውስጥ ነው የምተኛ" አልኋት።

"ደገኛ ነዎት አይደል?"

"ዝንቧን ፈርቼ ነው።"

"ዝንቧ ትነክስዎ ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን እርግጠኛ ነው" አለችና ሳቀች። ውስጥ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ብዙ አልቆየሁም፤ ላቤ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ሲደርስ ትራሴን ይዤ ወጣሁ። ሴትዮዋ ትርፍ አልጋ ግቢው ውስጥ አንጥፋልኝ ኖሯል። ያኔ ነው ወንድሜን በመጠኑ የተረዳሁት። ሐኪሙ፣ ቤት ውስጥ ተኛ ይላል፣ አገሩ ውጭ ተኛ ይላል፤ አገር ደግሞ በየማታው ይናገራል።

ረቡዕ

ኮኪት ስወርድ ጌትነት በትራክተር መጥቶ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ አላወቅሁትም። አንገቱ ቀጥኗል፣ ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። እቅፍ ሳደርገው አጥንት ነው ያቀፍሁት።

"ከስተሃል" አልሁት።

"ሥራ ነው። ደግሞ ወባ ብጤ ነበረኝ፤ ትቶኛል።"

እዚያ አገር ሁሉም ነገር ወባ ነው። ትኩሳት ወባ ነው፣ ምግብ መጥላት ወባ ነው፣ መክሳትም ወባ ነው። ከዚያ የባሰውን ስም ማንም ቀድሞ መጥራት አይፈልግም።

እርሻው ከከተማው ይርቃል። መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ፣ ዝናብ ሲነካው ጎማ የሚይዝ ጭቃ። "ሁለት ጊዜ በደንብ ከዘነበ እስከ መስከረም መውጫ የለም" አለኝ ጌትነት፣ የትራክተሩን ጩኸት በጩኸት እያሸነፈ። እርሻው ላይ አንድ ግራር፣ ጥቂት የሣር ዳሶች፣ ዘርና ቀለብ የሚቀመጥበት የሣር ክዳን መጋዘን፣ ከዚያ እስከ ዓይን መጨረሻ ባዶ ሜዳ። ከግራሩ ማዶ ደግሞ እንቁላሉ። ሠራተኞቹ ካራቫኑን እንዲህ ነው የሚሉት፤ እውነትም ግዙፍ ዶሮ ጥላው የሄደች ይመስላል።

ገብቼ አየሁት። የዶሮ ኩስ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ወለሉን ስረግጠው እግሬ አልፎ መሬት ነካ። ጣሪያው ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ ፀሐይ በዚያ ገብታ እንደ ገመድ ወለሉ ላይ ተጋድማለች። እንዲህ ያለ ጀልባ ባሕር ዳር ቢያመጡልኝ ባለቤቱን አጽናንቼ እሸኘው ነበር። ልመለስ አሰብሁ፤ በእውነት አሰብሁ። ጌትነት በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን ያየኛል።

"ይሆናል?"

"ይሆናል" አልሁት።

ማታ የማሽላ እንጀራ በወይካ በላን። ወይካ የደረቀ ባሚያ ተፈጭቶ የሚሠራ ወጥ ነው፤ ከሱዳን ነው የመጣው ይላሉ። ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ አይበጠስም። በዓሣ ላደገ ሰው ጉሮሮ ላይ የሚያስቸግር ነገር ነው። የእርሻው ወኪል፣ ማለትም ጌትነት በሌለበት ሠራተኛውን የሚያዝዘው ወሎዬው ሰይድ፣ ስታገል አይቶ የራሱን ድርሻ ወተት ወደ እኔ ገፋልኝ። "አብሽር ጋሼ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይለመዳል" አለኝ። አልተለመደም፤ ወተቱ ግን በየማታው ይመጣልኝ ነበር።

ሐሙስ

ከንጋት ጀምሮ ኩሱን ጠረግን፣ ግድግዳውን አጠብን፣ የስንጥቁን ዳርና ዳር ፈገፈግሁ። ጨርቁን በልክ ቆርጬ ስጨርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ዝናብ ይቀድመኛል የሚል ጥድፊያ ይዞኝ ነበር። የቀረኝን ሬዚን እኩሌታ ባልዲ ውስጥ ገለበጥሁና ማድረቂያውን ባሕር ዳር እንደማደርገው አድርጌ ጨመርሁበት። እጄ ከልጅነቱ የለመደውን መጠን። ሐይቁ ዳር እንዲያ ሲደረግ ብሩሼን አጥቤ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ከሰው ጋር አውግቼ ሳይረጋ እደርስበታለሁ።

መሰላሉ ላይ ወጥቼ ብሩሹን ስነክር አልገባ አለኝ። ሬዚኑ ረግቷል። ወዲያው ባልዲው ይፈላ ጀመር፤ ከዚያ ጨሰ። ባልዲውን ጣልሁት፤ ሣሩን ሊያቃጥል ሲል ሰይድ አፈር አለበሰው። ሲበርድ ብጫ ድንጋይ ሆኖ ተሰነጣጠቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔው አይለቀምም።

ሙቀት ማድረቂያውን እንደሚያፈጥነው የማላውቅ አይደለሁም። አውቃለሁ። ግን ሰው እጁን አገር አያስቀይረውም፤ ራሴ ቆላ ወርዶ እጄ ጣና ላይ ቀርቷል። የቀረው ሬዚን የስንጥቁን እኩሌታ እንኳ አይሸፍንም። ግራሩ ሥር ተቀምጬ ዋልሁ። ጌትነትም አጠገቤ ተቀመጠ። አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ምዕራቡን ያያል፣ ደመና እየፈለገ፣ ደመና እየፈራ። ለዘሩ ዝናብ ይፈልጋል፣ ለቤቱ ዝናብ ይፈራል።

ዓርብ

መተማ ዮሐንስ ወረድን። የሰሊጥ መኪና፣ የጨው መኪና፣ ባጃጅ፣ የጉምሩክ ወረፋ፣ ጩኸት። ሱቁን ሁሉ ዞርን፤ ቀለም አለ፣ ሙጫ አለ፣ ሬዚን የሚባል ነገር ማንም አያውቅም። አንዱ ማር ነው የምትፈልጉት ብሎ ወደ ማር ሱቅ ላከን። በመጨረሻ አንድ ሾፌር፣ "ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ገላባት፣ የጭነት መኪና ጋቢና የሚለጥፉ ሽማግሌ አሉ" አለን። ድልድዩን በእግር ተሻገርን። ሱዳን ማለት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያው አፈር፣ ያው ሙቀት፣ ጀለቢያ ሲጨመርበት ሆኖ አገኘሁት።

ሽማግሌው፣ ሁሉም ሐጅ የሚላቸው፣ ጋራዣቸው ውስጥ ፉል ሊበሉ ተቀምጠው ደረስን። ጉዳያችንን ሳንናገር ሰሐኑን ወደ እኛ አዞሩ። "ብላ መጀመሪያ፣ ወሬ ኋላ" አሉ፤ አማርኛቸው ከሾፌሮች የተለቀመ ነው። ጌትነት ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። በዚያ እሳት በሚያዘንብ ቀን ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሐጅ ዓይኑን ትክ ብለው አዩት። "ይሄ ልጅ ታሟል?" አሉኝ፣ እሱን ሳይሆን እኔን።

"ካቻምና ካላዛር ይዞት ነበር" አልሁ። "ቤቱን የምጠግነው ለሱ ነው። ውጭ እንዳያድር።"

"የእህቴ ልጅ በዚህ ሞተ" አሉ። ተነሥተው ከጓዳ አንድ ግማሽ ጣሳ ሬዚንና መኪና ቦዲ የሚለሰንበት አንድ ቆርቆሮ ስቱኮ አመጡ። ያላቸው ሁሉ ይኸው እንደሆነ ባዶው መደርደሪያ ይታያል። ልክፈል ብል እጄን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። "አላህ ያሽረው። ሂድ፤ ዝናብ ቅርብ ነው" አሉኝ። ባሕር ዳር ብሆን የማላውቀው ሰው መጥቶ የመጨረሻ ጣሳዬን ቢለምነኝ እሰጠው ነበር? ሳስበው ሰነበትሁ፤ የምሰጥ አይመስለኝም።

በመንገድ ላይ ጌትነትን፣ "ሐኪም ቤት እንግባ" አልሁት። "ከዘር በኋላ" አለ። "ወባ ነው እኮ ጋሼ።"

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ

ከዚያ በኋላ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ፣ ሬዚኑን በሻይ ብርጭቆ ብቻ እየለካሁ፣ ማድረቂያውን በጠብታ እየቆጠብሁ ሠራሁ። ፀሐይ ስትወጣ አቆማለሁ። ስንጥቁ እየተዘጋ ሲመጣ እኔም መተንፈስ ጀመርሁ። በከባዱ ቦታ ጨርቅና ሬዚን፣ በቀላሉ ቦታ የሐጅ ስቱኮ። ጀልባ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጥገና ውሃ ላይ አላወጣውም ነበር፤ ለዝናብ ግን ይበቃል። ወለሉን ከተጣለ የጭነት መኪና መጫኛ ሳንቃ ሠራንለት። የተሰበረውን አክስ ማንም ሊበይደው አልቻለም፤ ጎጆውን በሰው ኃይል አንሥተን በአሮጌ በርሜሎች ላይ አስቀመጥነው፤ ከመሬቱም ከዝንቧም ራቅ ይበል ብለን።

እሑድ ጌትነትና እኔ ሰንበት ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ሰይድ ግን ጁምዓው አልፏልና ለመስኮቶቹ የሳንቃ መዝጊያ ሲያስገባ ዋለ፤ እኔም ከግራሩ ሥር ሆኜ "ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ እዚያ ላይ ምታው" እያልሁ በጣቴ ሳዝዘው ዋልሁ። "ጋሼ፣ ሰንበት የሚሻረው በእጅ ነው ወይስ በአፍ?" ቢለኝ ሁላችንም ሳቅን። በዚያ ጉዞ የሳቅሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ይህ ነው።

ሰኞ መረቡን በየመስኮቱ ወጠርሁ፣ በሩ ላይም ድርብ አደረግሁ። ጌትነት አልጋውን አስገባ። ሙቀት ነው ብሎ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ መስኮቶቹ ትይዩ ስለሆኑ ግን ሲመሽ ነፋስ ያሳልፋሉ። በማግስቱ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት።

"እንዴት አደርህ?"

"እንደ ሰው አደርሁ" አለ። "ጋሼ፣ ግድግዳ ረስቼው ነበር። ተንጠራርቼ ስነካው ደነገጥሁ።"

ለእማዋይሽ ልደውል ፈለግሁ፤ ኔትወርክ የሚገኘው ኮኪት ነው። ስመለስ በአፌ እነግራታለሁ ብዬ ተውሁት።

ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ በሱዳን በኩል ሰማዩ የጡብ መልክ ያዘ። መጀመሪያ አቧራው መጣ፤ ግራሩ እንኳ ጠፋብን። ከዚያ ነፋሱ የመጋዘኑን ክዳን ከነወራጁ ብድግ አድርጎ ሜዳው ላይ ወረወረው። ውስጡ የዓመቱ የሰሊጥ ዘር፣ የማሽላ ዘር፣ የሠራተኛው ዱቄት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መሬቱን ሲመቱት ሰይድ ዘሩ ዘሩ እያለ ሮጠ፤ ዳስ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተከተለው።

የእንቁላሉን በር የከፈትሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ከእርሻው ላይ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ እሱ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጆንያ ተሸከምሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ወገቤ። የጌትነትን አልጋ ለማን እንደሰጠሁት አላስታውስም፤ ቦታ ይዟል ብዬ በበሩ ያወጣሁት ግን እኔው ነኝ። ጆንያው በጆንያ ላይ ተደርድሮ ጣሪያውን ሲነካ መስኮቶቹን ቀርቅረን በሩን በትከሻችን ገፍተን ዘጋነው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ጣና ላይ እንዲያ ያለ ዝናብ አላየሁም፤ ሰው ከሰው አይተያይም፣ አይደማመጥም።

ሲያባራ በሩን ገርበብ አድርገን በባትሪ አየን። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሠራተኞቹ ጀርባዬን መቱኝ፣ ሰይድ "እጅህ ይባረክ" አለኝ፣ ጌትነት አቀፈኝ፤ ሁላችንም ረስርሰን እንስቃለን። ሁለተኛው ሳቅ ይህ ነው። ኮራሁ፤ አልክድም።

ሊመሽ ሲል ጌትነት አልጋውን እየጎተተ ወደ ግራሩ ሄደ። ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ላስቲክ ወጠረ፣ ሥሩ አልጋውን አደላደለ፣ ጫማውን አወለቀ። ከአልጋው ራስጌ አጠገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ ኩይሳ አለ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ።

ረቡዕ

"እናውጣው" አልሁት ሲነጋ። "ጆንያውን ውጭ ከምረን ላስቲክ እናልብሰው።"

"ላስቲክ ሥር ዘር ይታፈናል ጋሼ። የታፈነ ሰሊጥ አይበቅልም።"

"መጋዘኑን እንክደን።"

"በምን ሣር? ሣሩ ረጥቧል። ሰዉስ? መሬቱ ከራሰ ሰዉ ለዘር ነው እንጅ ለቤት አይገኝም።"

"አንተስ?"

"እስክንዘራ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ቀለቡ አለ። ለአረም የሚመጣው ሰው ቀለብ ከሌለው አንድ ቀን አያድርም።"

"ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?"

ፊቱ በአንድ ሌሊት የባሰበት መሰለኝ፤ ምናልባት የፈራው ዓይኔ ይሆናል። "አልረሳሁም" አለ። "ግን ዘሩ ከረጠበ ዓመቴ አለቀ። እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ።"

ልመታው ፈለግሁ። ላለቅስም ፈለግሁ። ግን ልጆቹ የሚማሩት በዚያ ዘር ነው፣ ኪራዩም በዚያ ዘር ነው፣ ሰይድም ሠራተኞቹም ወደየአገራቸው የሚገቡት በዚያ ዘር ነው። አብረን እንሂድ አልሁት፤ ሳቀብኝ። ሰይድን ለብቻው ጠርቼ በግድ ሐኪም ቤት ውሰደው ብዬ ለመንሁት። "እሞክራለሁ ጋሼ። አብሽር" አለኝ፤ ዓይኑ ግን ከቃሉ ጋር አልነበረም።

ትራክተሩ ነዳጅ ሊያመጣ ወደ ኮኪት መውጣት ነበረበት፤ ሌላ ዝናብ ከቀደመው እስከ መስከረም እዚያው እቀራለሁ። ብቀርስ ምን እሠራለሁ? ሬዚን የለኝ፣ ሣር የለ፣ ለጌትነት የሚሆን ሁለተኛ እንቁላል የለ። ተሸንፌ ነው የወጣሁት። ስንሰነባበት እጁን ያዝሁት፤ ከዚያ ሙቀት ሁሉ በላይ ይሞቅ ነበር። "ወባ ነው" አለ ሳልጠይቀው። ትራክተሩ እየተንሸራተተ፣ አንዴ በጎኑ ሊተኛ እየቃጣው ኮኪት አደረሰኝ። ሸሕዲ አደርሁ። የሆቴሏ ባለቤት ፊቴን አይታ ምንም ሳትቀልድ አልጋዬን ውጭ አነጠፈችልኝ፤ እኔም ምንም ሳልከራከር ተኛሁ።

ሐሙስ

ጎንደር ብርድ ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይሄዳል፤ ደግ አገር ነው አልሁ በልቤ፣ ቤት ውስጥ የሚያስተኛ አገር። እማዋይሽን ሳላይ ወደ ባሕር ዳር ልለፍ ብዬም አስቤ ነበር፤ አላስቻለኝም።

እመጣለሁ ብዬ ብቻ ደውዬላት ስለነበር እማዋይሽ ልጆቹን ወደ ጎረቤት ልካ ለብቻዋ ጠበቀችኝ። ውሃ ሰጠችኝ፣ ወንበር አቀረበች፣ ይብሉልኝ አለች። አልበላም አልሁ።

"ቤቱ እንዴት ሆነ ጋሼ?"

"ደህና ሆነ። ዝናብ አያስገባም።"

"እሱስ ተመቸው?"

"ሰኞ ተኛበት። እንደ ሰው አደርሁ አለኝ።"

ፊቷ ሲፈታ አየሁና ቶሎ ብዬ መጨረስ እንዳለብኝ ገባኝ። "ማክሰኞ አውሎ ነፋስ መጣ" አልኋት። "የመጋዘኑን ክዳን ነቀለው።"

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። የቆላ ልጅ ናት፤ ግንቦትን ታውቃለች፣ ባሏንም ታውቃለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቃልዎ የታለ ብላ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ በወደድሁ።

"ዘሩ ረጥቧል?" አለችኝ።

"አልረጠበም።"

"ተመስገን" አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ ድምፅዋ ላይ ሰማሁት። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።